የእሁድ መርከብ

በዚያ ማለዳ ከጓሮው ክፍል በር ፊት የቆምነው ስድስት ነበርን። አያቴ መሐል ላይ ናቸው፤ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቀው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የንስሐ አባታችን ከአያቴ በስተቀኝ ቆመዋል። መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀውታል፤ መስቀሉ ቀድሞ ከታየ ነገሩ ይታወቃል ብለው ነው። ጎረቤቶቻችን፣ ዝተት የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተጠግተዋል። ሰውየው ቢወድቅ የሚይዙት እነሱ ናቸው። እናቴ ከአያቴ ኋላ ናት፤ አዲስ ባና አጣጥፋ ክንዷ ላይ ይዛለች። እኔ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ውሃ በቅል ይዤ ቆሜያለሁ። ከአያቴ በስተግራ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ባዶ ነበር። የአስተርጓሚው ቦታ ነው።

በሩ ውስጥ ያለው እንግሊዛዊ መካኒክ ነበር። ወንድሙ መሞቱን እኛ ሰምተናል፤ እሱ ገና አልሰማም። የቆምነው መርዶውን ልንነግረው ነው።

ጊዜው ጣልያን የወጣበት ዓመት ነው፤ ወሩ ሰኔ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሰሜን ሲያልፍ፣ በየመንገዱ የሚቆሙ መኪኖቹን እንዲጠግን አንድ መካኒክ ጣልያን ትቶት በሄደው ጋራዥ ውስጥ ተወ። ማረፊያ ሲፈልግ እናቴ የጓሮውን ክፍል ሰጠችው። ክፍሉ የበግ ጠጉር ማስቀመጫችን ነበር። እናቴ ጠጉር ገዝታ፣ አጥባና አባዝታ፣ ፈትላ ለዝተት ሠሪዎቹ ታስረክባለች፤ የምንኖረው በዚያ ነበር። ጠጉሩን አውጥተን ክፍሉን ብንጠርገውም ሽታው አልለቀቀም። ሰውየው ገና ሲገባ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አሸተተና ሳቀ። በኋላ በእጁ እያሳየ እንዳስረዳን የሱም አገር የበግ አገር ነበር።

ረጅም ስለነበር እግሩ ከአልጋው ያልፍ ነበር። እናቴ ይህን ባየች ማግስት በአልጋው ግርጌ ጠጉር የሞላበት ከረጢት አስቀመጠችለት። ስለዚህ ነገር ምንም አልተናገረችም፤ እሱም ምንም አልጠየቀም። ማታ ማታ እግሩን በከረጢቱ ላይ ያሳርፍ ነበር።

አማርኛ የተማረው ከእናቴና ከእኔ፣ ከሁለት ሴቶች ነው። ስለዚህ ወንዱንም ሴቱንም እንደ ሴት ነበር የሚያናግረው። ከዝተት ሠሪዎቹ ታላቁን፣ ጢሙ ደረቱን የሚነካውን ሰው፣ በየጧቱ «ደህና አደርሽ?» ይለዋል።

«እኔስ ደህና ነኝ» ይላል ሰውየው ኮስተር ብሎ፤ «ባሌን ግን ትንሽ ብርድ መቶታል።»

ታናሽየው ሥራውን ትቶ ይስቃል። እንግሊዛዊው ምን እንደተባለ ባያውቅም አብሮ ይስቃል።

ከአልጋው ራስጌ አንድ ፎቶግራፍ ለጥፎ ነበር። በባሕር ላይ ያለች ትልቅ የጦር መርከብ ናት። ሁለት የጭስ ማውጫዎች አሏት፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት መድፍ የተተከለባቸው የብረት ቤቶች አሏት። አንድ ቀን የሚታጠብ ልብሱን ልወስድ ስገባ ፎቶግራፉን እያየሁ ቆምኩ። እሱም በእጁ የራሱን ቁመት አሳየኝ፤ ቀጥሎ እጁን ዝቅ አድርጎ የሌላ ሰው ቁመት አሳየኝ። «ብራዘር» አለ። ታናሽ ወንድሙ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ጣቱን መርከቧ ላይ አድርጎ «ሁድ» አለኝ።

እኛ ቸኩለን ስንናገር እሁድን «ሁድ» ነው የምንለው። «ለሁድ ይደርሳል» እንላለን፤ «የፊታችን ሁድ» እንላለን። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ወንድሙ መርከብ ላይ ነው። መርከቧም የእሁድ መርከብ ናት።»

«የእሁድ ማለት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሁድ ብሎኛል።»

ስህተቱ የተጀመረው ከእኔ ነው። ያጸኑት ግን አያቴ ናቸው።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው፤ እኔ አባባ የምላቸው፣ የአንኮበር ሰው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የአንኮበርን ዳገት ሸሽተው ክረምት ክረምት እኛ ዘንድ ይመጡ ነበር፤ በዚያ ዓመት ቀድመው በግንቦት መጥተዋል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ንጉሡ ገና በአንኮበር በኩል ሲመላለሱ፣ አያቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ከአልዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር በጫኝነት ቆላውን አቋርጠው እስከ ዘይላ ባሕር ወርደዋል። እዚያ አንዲት የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቆማ አዩ። ብረት ናት፤ ከላይዋ ጭስ ይወጣል፤ ግን አትሰጥምም። ተመልሰው ይህን ሲናገሩ አንኮበር ሳቀባቸው። የማረሻ ብረት አምጥተው የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ እየጣሉ «ይኸው፣ አንሳፍፍልን» የሚሏቸው ነበሩ። «ብረት አንሳፋፊው» የሚለው ቅጽል እስኪሸብቱ ድረስ አልለቀቃቸውም።

ያን ፎቶግራፍ ሲያዩ በአፍንጫቸው ሊነኩት ደረሱ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ይኸው! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ውሸታም ስትሉኝ!»

«እኔ መቼ አልኩዎ፣ አባዬ?»

«አላልሽም። ሳቅሽ እንጂ።»

የእሁድ መርከብ መባሏም አላስገረማቸውም። ዘይላ ላይ ያዩዋት መርከብ በሰንበት ሥራ አትሠራም ነበር አሉ። መርከበኞቹ ነጭ ለብሰው፣ ተሰልፈው ሲዘምሩ ድምፃቸው በውሃው ላይ እስከ ዳር ይሰማ ነበር። «ይቺም የሰንበት መርከብ ናት» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የጓሮውን በር በከዘራቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ሲከፈትላቸው ወደ ፎቶግራፉ ይጠቁሙና «እሁድ!» ይላሉ። እንግሊዛዊው ፊቱ እየበራ «ሁድ!» ይላል። «እሁድ!» «ሁድ!» ይባባሉና ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። አያቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እሱም ከአያቴ አማርኛ አልለመደም። በመካከላቸው የነበረው ጨዋታ ይኸው ብቻ ነው።

መርዶውን የያዘው ወረቀት የመጣው በሰኔ አጋማሽ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር የሚያልፉ መኪኖች አንሰዋል፤ ሰውየው ራዲዮም አልነበረውም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወረቀቱን ለአስተርጓሚው ሰጥቶ አለፈ። አስተርጓሚው የከተማችን ሰው ነው፤ የጣልያን ወጥ ቤት ነበር። ጣልያንኛው ደህና ነው ይባል ነበር። እንግሊዝኛ ግን ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ወረቀቱ አልታሸገም፤ በእርሳስ ተጽፎ ለሁለት ታጥፏል። የጻፈው የመካኒኩ አለቃ ነው። መካኒኩ ጋራዥ ስለነበር አስተርጓሚው መጀመሪያ ወደ እኛ ቤት መጣ።

«እትዬ፣ ክፉ ነገር መጣ» አለ። «ወንድሙ ሞቷል።»

«የማን ወንድም?»

«የእንግዳዎ። መርከቡ ሰጠመ ይላል። እዚህ ጋ ‹ብራዘር› ይላል፤ እዚህ ጋ ‹ሁድ› ይላል።»

«ሁድ ምንድን ነው?»

«እሁድ ነዋ! እሁድ ቀን ሰጠመ ማለት ነው።»

እናቴ ተጠራጠረች። «እንግሊዞችም እሁድን እሁድ ነው የሚሉት?»

«ከእኛ ሰምተው ይሆናላ» አለ። «አገራችን ከገቡ ስንት ጊዜያቸው!»

አያቴ መደብ ላይ ነበሩ። «ምኑ ያስገርማል?» አሉ። «መርከቧ የሰንበት መርከብ ናት፤ በሰንበት ሰጠመች።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ብረት ናታ። እኔ ግን አትሰጥምም ብዬ ነበር።»

አስተርጓሚው ወደ ጋራዥ ሊሄድ ሲነሳ እናቴ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«ምን ማድረግዎ ነው? ለሱ የተላከ ነው እኮ!»

«ሥራ ላይ እንዳለ፣ እጁ በዘይት እንደተለወሰ ልትሰጠው ነው? መርዶ እኮ ነው። ሰው ነው የሚነግረው።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«አንተማ ሰጥተኸው ትሮጣለህ።»

እናቴ እንዲህ ያለችበትን ምክንያት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ጣልያን የገባ ጊዜ ነው፤ አባቴ ከዘመተ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። እናቴ ጫጫ ገበያ ገብስ ስትሸምት፣ ሻጯ የሰፈረችውን ነጠላዋ ላይ እያፈሰሰችላት «ባልሽን እኮ ቀበሩት አሉ፤ አልሰማሽም እንዴ?» አለቻት። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ የሰማች መስሏት ነው። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ሳትለቅ ተሰፍሮ እስኪያልቅ ቆመች። ገብሱን ተሸክማ ያን ሁሉ መንገድ መጣች። ያለቀሰችው ገብሱን ጎታ ውስጥ ከጨመረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በሷ ደጅ ማንም ሰው እንዲህ ሆኖ መርዶ እንደማይሰማ ትናገር ነበር። ሌላ ጊዜ ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም።

ስለዚህ ሁሉንም እሷ አሰናዳችው። በማለዳ ይነገረዋል፤ ሰው በዙሪያው ይቆማል። የንስሐ አባታችንንና ዝተት ሠሪዎቹን አስጠራች።

«የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፣ አባዬ» አለቻቸው አያቴን። «ባሕር ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አንተ ደግሞ ከጎናቸው ቆመህ በቋንቋው ታደርስለታለህ።»

አስተርጓሚው ላብ አጠመቀው። «እትዬ፣ መርዶ ነጋሪን የሚመታ አለ እኮ። የዚህን ሰው ክንድ አይተውታል? ጎማ ብቻውን ነው የሚያነሳው!»

«አይዞህ» አለው ታላቁ ዝተት ሠሪ፤ «ሊመታህ ሲል እኔና ባሌ እንይዝልሃለን።»

የዚያን ዕለት እናቴ እራቱን ከወትሮው አብዝታ አቀረበችለት። ሆዱ ባዶ ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ሁሉንም በላ። ሲጨርስ ለአያቴ «እግዜር ይስጥሽ» አላቸው። አያቴ ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

ዓርብ ማለዳ እንግዲህ መጀመሪያ እንደጻፍኩት ቆምን። ጉም ነበር። አስተርጓሚው እስከ አጥራችን መግቢያ መጣ፤ ከዚያ ተመለሰ። ታናሹ ዝተት ሠሪ ሊጠራው ሲል በሩ ተከፈተ።

ሰውየው ሸሚዙን አልቆለፈም። ግማሽ ፊቱ የሳሙና አረፋ ነው፤ ምላጭ ይዟል። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ደንገጥ አለና መልሶ ፈገግ አለ። የተበላሸ ነገር እንዲጠግን ልንለምነው የመጣን መስሎት ይሆናል። «ደህና አደርሽ» አለ፤ ለአያቴ፣ ለንስሐ አባታችን፣ ለዝተት ሠሪዎቹ፣ ለሁላችንም በየተራ። ማንም አልሳቀም። ታላቁ ዝተት ሠሪ ምላጩን ቀስ አድርጎ ከእጁ ወሰደ።

አያቴ ወደ ግራቸው ተመለከቱ። ባዶ ነው። ዞረው እናቴን አዩ። ይቀጥሉ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

«ልጄ» አሉ አያቴ፤ «በዚህ ማለዳ የመጣነው ለደግ አይደለም። የኛን ቋንቋ አታውቅም፤ ያንተን አናውቅም። ግን ዝም ብለን ወረቀት ልንሰጥህ አልሆነልንም።»

ሰውየው የአያቴን አፍ ያያል። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀርቷል።

«ታናሽ እንዳለህ ነግረኸናል። ባሕር ላይ ነው ብለኸናል። እኔም ባሕሩን አይቼዋለሁ። ያ መርከቡ፣ የምንጫወትበት፣ ያ የእሁድ መርከብ . . .»

«ሁድ?» አለ ሰውየው።

እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው።

«አዎን፣ ልጄ» አሉ አያቴ። «እሁድ።» ዕንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

ሰውየው አልወደቀም። በሩን ተደግፎ ቀስ እያለ ወረደና ደፉ ላይ ተቀመጠ። ወንድማማቾቹ ትከሻውን ያዙት። ንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አወጡ። እናቴ ባናውን አለበሰችው፤ አጠገቡ ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ሳሙናውን ከፊቱ ጠረገችለት። እንደኛ ጮኾ አላለቀሰም። ያለቀሰችው እሷ ናት፤ እሱ እጁን እጇ ላይ አደረገ። ቅሉን ሰጠሁት፤ ትንሽ ጠጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቴ ወረቀቱን ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠችው። አነበበው። አጠፈው። እንደገና ከፍቶ አነበበው።

ሦስት ቀን ጎረቤቱ በየተራ ከሱ ጋር ተቀመጠ። ቆሎ ይመጣል፣ ዳቦ ይመጣል፤ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይወጣል። አስተርጓሚው በሁለተኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ ሰውየውም ቦታ ለቀቀለት። እሁድ አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ፊት ቆሙ፤ ከዘራቸውን አንስተው መልሰው አወረዱት። በሩን እሱ ራሱ ከፈተላቸው። ሁለቱ ፎቶግራፉ ፊት አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያን ቀን ቃሏን አልተባባሉም።

ከክረምቱ አጋማሽ በፊት አንድ መኪና መጥቶ ወደ ሰሜን ወሰደው። ባናውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ፎቶግራፉን ለአያቴ ትቶላቸው ነበር፤ እሳቸውም ዳዊታቸው ውስጥ አኖሩት።

እናቴ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እሁድ እሁድ አንድ ዳቦ ጋግራ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን ትልክ ነበር። የሟቹን ስም አናውቀውም። «የእሁዱ ልጅ» ትለው ነበር። ንስሐ አባታችንም ሲጸልዩለት «ስሙን አንተ ታውቀዋለህ» ብለው ያልፉ ነበር። ሳምንት ሳታጓድል ብዙ ዓመት ቆየች። ነገር ግን አንድ ነገር አላረፈላትም። በዓመት አንዴ ሁለቴ፣ እየፈተለች፣ ሰው ያላሰበው ሰዓት ላይ ትጠይቃለች።

«ከአባዬ አፍ ነው የሰማው ወይስ ከወረቀቱ?»

«ወረቀቱን ከማየቱ በፊት እኮ ነው የተቀመጠው» እላታለሁ።

«ከበነው ቆመን ስላየ ፈርቶ ይሆናል። አባዬ ሲያለቅሱ ስላየም ይሆናል። ምንም አልገባውማ! እንደ ጨዋታቸው ‹እሁድ› አለ እንጂ። ከወረቀት ከሰማማ እኔም እንደዚያች እንደ ገብስ ሻጯ ነኝ።»

አያቴ ሞቱ። ዳዊታቸው እናቴ ዘንድ ቀረ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ።

በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስለ መርከቦች የተጻፈ ትልቅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ጂኦግራፊ ላጠና ገብቼ ነው ያገኘሁት። ሳገላብጥ እጄ ቆመ። ሁለት የጭስ ማውጫ፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት የመድፍ ቤት። ፎቶግራፉ ከሌላ ጎን የተነሳ ነው፤ ግን አወቅኋት። ከሥሯ አራት ፊደላት ተጽፈዋል። ድምፅ አውጥቼ አነበብኳቸው። ሁድ።

መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። መርከቧ የተሠራችው ስኮትላንድ ውስጥ፣ በአንድ ወንዝ ዳር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተጀምራ፣ ያለቀችው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ስሟ የጥንት የባሕር አዛዥ ስም ነው እንጂ ከሰንበት ጋር አይገናኝም። ለሃያ ዓመት ያህል በዓለም ላይ ከሷ የሚገዝፍ የጦር መርከብ አልነበረም። በሰላሙ ዘመን ዓለምን ዞራለች። በደረሰችበት ወደብ ሁሉ ሰው ሊያያት ይሰለፍ ነበር፤ ልጆች ይዘው የሚወጡባት ነበሩ። አያቴ ዘይላ ላይ ያዩዋት መርከብ ከሷ አጠገብ ብትቆም ጀልባ ትመስል ነበር ብዬ አሰብኩ። ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር፤ አንኮበር ወጥተው ይናገሩት ነበር።

የጀርባዋ ብረት እንደ ጎኗ ወፍራም አልነበረም ይላል መጽሐፉ። ይህን ያውቁ ነበር፤ ሊያድሷት አስበው ሳለ ሁለተኛው ጦርነት ቀደማቸው። በሰሜን፣ በረዶ በሞላበት ባሕር ከአንዲት የጀርመን የጦር መርከብ ጋር ተጋጠመች። ውጊያው ከተጀመረ ብዙ ሳይቆይ የጥይት ማከማቻዋ ፈነዳ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። በላይዋ ከሺህ አራት መቶ የሚበልጥ ሰው ነበር። የተረፉት ሦስት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ይሆን ብዬ ስማቸውን ልፈልግ አሰብኩ፤ ግን የወንድሙን ስም አላውቅም። ደግሞም ቢሆን ኖሮ ሰውየው ያን ወረቀት አንብቦ ሦስት ቀን ለሐዘን አይቀመጥም ነበር።

ሰዓቱ ማለዳ ነው ይላል፤ እኛ በሩ ፊት በቆምንበት ሰዓት አካባቢ። ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ነው።

መጽሐፉን ከዘጋሁት በኋላ ሳልነሳ ተቀምጬ ቆየሁ። አያቴ ከተናገሩት ሁሉ ሰውየው የሚያውቃት ቃል አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም የተሳሳተች ነበረች። ግን ቃሏን የሰማው ከአያቴ አፍ ነው፤ ባና ይዛ የምትጠብቀው ሴት ባለችበት ደጅ ነው። እኔ ያን ቀን የእንግሊዝኛውን ስም በትክክል ሰምቼ ቢሆን ኖሮ አያቴ ምን ብለው እንደሚነግሩት አላውቅም።

ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ሁሉንም ላጫውታት አስቤ ነበር፤ ወንዙን፣ ወደቦቹን፣ ሦስቱን ሰዎች፣ ቅዳሜንም። በደረስኩ በማግስቱ እሁድ ነበር። እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ዳቦውን በጨርቅ እየቋጠረች ነበር፤ እኔ በመጣሁ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማደርሰው እኔ ነኝ።

«እማዬ» አልኳት። «ከአባባ አፍ ነው የሰማው።»

ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እጇ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ስለ መርከቧ የተጻፈ መጽሐፍ አየሁ። አባባ ካሉት ውስጥ አንዷን ቃል ያውቃት ነበር። በሷ ገብቶታል፤ ወረቀቱን ሳያይ በፊት።»

«የትኛዋን?»

«እሁድ ያሉትን።»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። በደንብ የተቋጠረውን ጨርቅ ፈታችው፤ ዳቦውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ መልሳ ቋጠረችው። ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አዞረች።

«እንግዲያ ልጁ የሞተው እሁድ ነው» አለች። «መጽሐፉም እሁድ ነው የሚለው?»

«ሁድ ነው የሚለው፣ እማዬ።»

ዳቦውን ሰጠችኝ። ገና ትኩስ ነበር። ተቀብዬ ወጣሁ።